የማራኪዋ አህያ ባለቤት

ማራኪ ሰፈር፣ ከደጃፌ ፊት ለፊት አንዲት አህያ ሞታ አትገኝ መሰላችሁ! ሽታው መስኮት አላስከፍት ቢለኝ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የጽዳት ኃላፊውን ይዤ መጣሁ። እሱም አፍንጫውን በመሀረብ ሸፍኖ፣ «ባለቤት ካላት ባለቤቷ ይቅበራት፤ ከሌላት እኛ እናነሳታለን» አለና የተሰበሰበውን ሰው ጠየቀ። የጎረቤቴ የአያ ደሴ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን በዚያ ድንጋያማ መሬት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ነገር ማን ይናገራል? አያ ደሴ ራሳቸው ጠጋ ብለው አዩዋትና «የማን ትሆን፣ ምስኪን?» አሉ።

ኃላፊው መኪና ሊያስመጣ ስልኩን ሲያወጣ፣ ድንች ልትሸጥ ከኮሶዬ የመጣች አንዲት ሴትዮ በዚያ ስታልፍ አህያዋን አየች። ቆም ብላ፣ ከብት ለሞተበት ሰው እንደሚባለው፣ «እግዜር ይተካ» አለች።

«አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አያ ደሴ ኮፍያቸውን አውልቀው።

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ኃላፊው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ምነው አያ ደሴ፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አልኳቸው አካፋዬን ሳቀብላቸው።

«ዝም ብዬ ካልተካልኝስ?»