ከመሬት የተነሣ ቡና

ቸሽ፣ ቸሽ፣ ቸሽ። ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በሩን ገፋ አድርጌ ብገባ ጎረቤታችን ሽማግሌው ቡና ገበሬ፣ ግቢያቸው ላይ ከነቅርፊቱ የተሰጣውን ጀንፈል በሰፊ እንጨት እየገፉ ያገላብጣሉ።

"ና ግባ፣ ደመና ቆጣሪው" አሉኝ። ትምህርት ጨርሼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ያወጡልኝ ስም ነው።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ የወንድማቸው ልጅ ሁለት ጣሳ ይዛ ደረሰች። ተምራ ቡና ቀማሽ ሆናለች። ጣዕሙ ንጹሕ የሆነ ቡና ለብቻው ተለይቶ በገበሬው ስም ይሸጣል፤ ያልሆነው ከማንም ቡና ጋር ተደባልቆ ይጫናል። የአጎቷ ቡና በየዓመቱ ይደባለቃል።

"አጎቴ፣ ዘንድሮም መሬት ላይ?"

"ያበቀለው መሬት አይደለም እንዴ? በእናቱ እቅፍ ቢደርቅ ምን ነውር አለው?"

"ጎመኑንም ያበቀለው መሬት ነው። ምሳዎን ግን በሳህን ነው የሚበሉት።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። "ምላስሽ ብቻ ነው የተማረው፣ አንቺ ልጅ።"

"እሱ አይደል የሚያበላኝ? ይስሙኝ እንጂ አጎቴ፤ አፈር እርጥበት ይይዛል፤ ቡና ደግሞ የነካውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ላይ ቢሰጣ ነፋስ ከሥር ያልፍለታል፤ አይሻግትም።"

ዓይናቸውን ወደ ግቢው መሬት ጣሉ። ያንን ግቢ በየመኸሩ በእበት እየለቀለቁ እንደ ጠረጴዛ የሚያስተካክሉት ባለቤታቸው ነበሩ። ሴትየዋ ካረፉ ወዲህ ሽማግሌው ተንበርክከው በገዛ እጃቸው ይለቀልቁታል። ሰው ይህን ልማድ ይለዋል፤ ልማድ ግን አንዳንዴ የናፍቆት ሌላ ስሙ ነው።

ልጅቱ ጣሳዎቹን ከፈተች። በሁለቱም ከእሳቸው ዛፍ የተለቀመ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና አለ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑና ያሽትቱ።"

የመጀመሪያውን "ደግ ነው" ብለው መለሱላት። ሁለተኛው ላይ ግን ቆዩ። ፊታቸው ለሰለሰ።

"ይቺ ናት ቡና። ይቺ የቤቴ ናት።"

"የመጀመሪያዋ እኔ ሽቦ አልጋ ላይ ያደረቅኋት ናት፤ ይቺ ግን እዚሁ ግቢ የደረቀችው ናት፣ አጎቴ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ገዢዎቹ አፈር አፈር ይላል የሚሉት እሷን ነው።"

ጣሳውን ከአፍንጫቸው አላራቁም።

"አፈር አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "የባለቤቴ እጅ ነው። ታዲያ እሷን ለማያውቅ ሰው ለምን እሸጠዋለሁ? ይህስ ለኔ ይቅር። አልጋውን ሥሩት።"

እኔና ልጅቱ እንጨት ተክለን ሽቦ ወጠርን። የመሬቱን ጀንፈል ለብቻው በጆንያ ሰበሰብን፤ አዲስ የተለቀመውን ቀይ እሸት አልጋው ላይ ዘረጋነው። ከፍ ብሎ የተሰጣ ቡና እኩል ይደርቃል፤ ዶሮ አይጭረውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ማልበስ ነው፤ የሚያገላብጠውም ሰው ወገቡ አይጎብጥም። ከሁሉ በላይ ድካሙ በስሙ ይጠራለታል። ያለፈን ሰው የሚወድ፣ ለፍቅሩ ሌላ ማኖሪያ ይፈልግለት እንጂ ፍሬውን አያበላሽበት።

"አጎቴ፣ ይዩት እንጂ" አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው አልጋውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። "መልካም ነው" አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ግቢው ባዶ ሆኖ ሳለ ባለቤታቸው ይለቀልቁት የነበረውን መሀሉን ሳይረግጡ አጥር አጥሩን ዞረው በበሩ ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩንም።