በገቢ ቁጥር ፲፩፻፵፯ የተመዘገበው የሥዕል መጽሔት

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ልዑልሰገድ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ፣ ከአቦምሳና ከመተሐራ መስመር ድረስ አውቶቡስ አቁማችሁ ለመጣችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አውቶቡስ ማቆማችሁን ግን አልወደድሁትም። ተሳፋሪው ምን በደለ? ስለ ጋቢውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በናዝሬት ሙቀት ጋቢ መሸለም የማን አሳብ እንደሆነ አልጠይቅም፤ የግዥ ክፍልን ሥራ አይቼ ስለማውቀው።

በአውቶቡስ ማኅበራችን መዝገብ ቤት ለስድስት ዓመታት ረዳቴ የነበረችው ሶፊ ቅድም በሩ ላይ ይዛኝ፣ «ጋሽዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ! ጥብሱ ይቀዘቅዛል» ብላኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስታዘገዩብኝ የኖራችሁ ሰዎች፣ ዛሬ የጥብስ መዘግየት አሳሰባችሁ? ይቀዝቅዝ።

ስለ አገልግሎቴ የምተርከው የለኝም። የምናገረው ስለ አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔ ነው።

በልጅነቴ በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ቀን በጉባኤ መካከል ዜማ ሰበርሁ። ሲመሽ ወደ የኔታ ጎጆ ሄጄ፣ «የኔታ፣ ጠዋት አጥፍቻለሁ» አልኋቸው።

«ስታጠፋ ማን ሰማህ?» አሉኝ።

«ጉባኤው ሁሉ።»

«እንግዲያስ ለእኔ ለብቻዬ ምን ትነግረኛለህ?»

በማግሥቱ በዚያው ጉባኤ ፊት አቁመው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። እንግዲህ ዛሬ የቆምሁት በዚያ ሥርዓት ነው። እናንተ ስንብት ነው ብላችሁ መጥታችኋል፤ ለእኔ ግን እርማት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መጋቢት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በገቢ ደብዳቤዎች መሳቢያዬ ውስጥ ሃያ አራት ገጽ ያለው፣ በስቴፕለር የተያያዘ ጽሑፍ አገኘሁ። የመጀመሪያው ገጽ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ቀን አለው። ጉዳዩ ተጽፎበታል፤ «አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ በሩ በገመድ ታስሮ ስለመሄዱ» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ከማየው ጭረት ሁሉ የተሻለ ነበር። አቤት ባይዋ ወይዘሮ አየለች የሚባሉ የወንጂ ነዋሪ ናቸው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ አላስደነቀኝም። የትራፊክ ፖሊስስ የአደጋ ቦታ ንድፍ ይሥል የለም? ማስረጃ ነው ብዬ ማኅተም መታሁበት። ገቢ ቁጥር ፲፩፻፵፯።

ቀጥሎም እንደ ደንቡ መርምሬ መሸኛ ጻፍሁ። እያንዳንዱን ገጽ ያነበብሁት ከላይ ወደ ታች ነበር፤ በመጀመሪያ የግራውን ረድፍ እስከ ግርጌ፣ ከዚያ የቀኙን። ስለዚህ ሴትዮዋ ፍራሻቸውን ከመግዛታቸው በፊት ፍራሻቸው ከአውቶቡስ ይወድቃል፤ ጋሪ ከመሳፈራቸው በፊት ከጋሪ ይወርዳሉ። በመሸኛው ላይ «አቤት ባይዋ የሰጡት ቃል እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሆነ ማጣራት ያስፈልገዋል» ብዬ ጻፍሁ። በመጨረሻው ገጽ «ይቀጥላል» የሚል ስላገኘሁም፣ «ቀሪው ሰነድ ባስቸኳይ ተሟልቶ ይቅረብ» ስል አከልሁ።

ሳቁ፤ ሳቁ። እኔ ከመሳቄ በፊት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አቶ ልዑልሰገድ «ተጣርቶ ይቅረብ» ብለው መሩበት። የቴክኒክ ኃላፊያችን አቶ ጉርሜሳ የሚመሩት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ወይዘሮ አየለችን ፍለጋ የወንጂን መንደሮች ዘጠኝ ቀን ዞረ። አቶ ጉርሜሳ ሲመለሱ ምን እንዳሉኝ ልድገምላችሁ፤ «ጋሽ ሰይፈሚካኤል፣ ሰባት አየለች አግኝተናል። አንዷ ዐርፈዋል። ስድስቱ ፍራሽ አልጠፋብንም ይላሉ። ከስድስቱ አንዷ ግን ከሰጣችሁኝ እወስዳለሁ ብለዋል።»

አየለች አልተገኙም። በሩ ግን ተገኘ። አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ የኋላ በሩ በእርግጥ በገመድ ታስሮ፣ የዱከም ፋብሪካ ሠራተኞችን ጭኖ ጠዋት ማታ ይመላለስ ነበር። በሁለት ቀን ተበይዶ ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የወጣው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ያንኑ ጽሑፍ በመናኸሪያው በር፣ በጋዜጣ ሻጩ በኪሩ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲሸጥ አየው። አቤቱታ አልነበረም። የሥዕል ልብ ወለድ ነበር። ሶፊ ልታነብበው አምጥታ፣ ስልክ ሲደወል መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣው ረስታው ኖሯል። አላመንሁም። ራሴ ሄድሁ።

ኪሩ ገና ሲያየኝ፣ «ፋዘር! ስንተኛውን ቁጥር ልስጥዎት?» አለኝ።

«እኔ አባትህ አይደለሁም። የዚህ መጽሔት አሳታሚ ማን ነው?»

«አሳታሚ የለውም።»

«አድራሻ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ስሕተት ቢገኝበት ማንን ነው የምጠይቀው?»

«ፋዘር፣ ተቆጥተው የመጡ የመጀመሪያው አንባቢ እርስዎ ነዎት። ሌላው የሚጠይቀኝ ቀጣዩ መቼ ይወጣል እያለ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የዚህ ዓይነት ሠላሳ ያህል ነበር። ከወንጂ የመጣ አለ፤ የቢሾፍቱ ወጣቶች የሠሩት አለ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አለ። አንዱ የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ታሪክ ነው፤ አንዱ በሐይቅ ውስጥ ስለሚኖር ባጃጅ ነው። ባጃጅ በሐይቅ ውስጥ ምን ያደርጋል? አሥራ ሁለት ገጽ አንብቤ አልገባኝም። ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ ነው። የገጽ ቁጥር የለውም። በአንዱ ውስጥ ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል። እኔ በብራና ያደግሁ ሰው፣ ጸሐፊው ቀለም በጥብጦ፣ መስመር አስምሮ፣ ጾሞ ሲጽፍ ያየሁ ሰው፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት እንደ ቆሎ የሚወጣውን ይህን ነገር መጽሐፍ ልበለው?

ይህን እያልሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የአየለች ቁጥር ገዛሁ። ለምርመራ ነው አልሁ። ኪሩ ስቆ፣ «ሁሉም ለምርመራ ነው የሚሉት» አለኝ።

ቢሮ ስመለስ ሶፊ አነባበቡን አሳየችኝ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች። «አንዲት ሴት በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ የምትሣለው ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃት ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ?

«ጋሽዬ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሰማዕቱ አንዴ ሲያዝ፣ አንዴ ሲሰየፍ፣ አንዴ አክሊል ሲቀበል ተሥሎ ሲያዩ፣ ሦስት ሰማዕት ናቸው ይላሉ?»

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳነብበው የኖርሁትን ነገር፣ በሰማዕቱ ፈንታ ፍራሽ የተሸከመች የወንጂ ሴት ስትሆን ጊዜ ማንበብ ተሳነኝ።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል እመጣለሁ።

መጽሔቱን የሠራችው የናዝሬት ጣቢያ ቲኬት ቆራጫችን ቦንቱ እንደሆነች ተደረሰበት። በእረፍት ሰዓቷ፣ በራሷ ወረቀት ነው የሠራችው። የማኅበራችንን ስም አንድም ቦታ አልጠራችም። ሆኖም ሁለት ክስ ቀረበባት፤ አንደኛው የድርጅቱን ስም ማጉደፍ፣ ሁለተኛው የሐሰት አቤቱታ አቅርቦ ኮሚቴ ማንከራተት። ከሥራ ታገደች። ውሳኔው ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው።

የሐሰት አቤቱታ! ማን አቀረበ? የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠይቀኝ የመለስሁት ቃል ይህ ነበር፤ «በመዝገብ ገብቷል፤ ቁጥሩም ይታያል።» ይኸው ነው። አንዲት የሐሰት ቃል አልወጣኝም። እውነቱም አልወጣኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥርዝ ድልዝ የሌለበትን መዝገቤን ላድን ስል፣ የሰውን ልጅ እንጀራ በማኅተሜ ዘጋሁ። ክሱ የቆመው በእኔ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። እርሷ ለማንም አላቀረበችም። እኔ ነኝ ያልቀረበልኝን የተቀበልሁት።

ከዚህ የሚብሰውን ልጨምር። የአሥራ አራት ቁጥር በር ጉዳይ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በእውነተኛ አቤቱታ ቀርቦ ነበር። አመልካቹ መርዳሳ የሚባሉ የአገዳ ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸው በዚያ አውቶቡስ ዱከም ትመላለሳለች። ሦስቱንም «የመታወቂያ ኮፒ አልተያያዘም» ብዬ ፋይል ውስጥ አስተኛኋቸው። ወይዘሮ አየለችስ መታወቂያ አያይዘው ነበር? አላያያዙም። እርሳቸው ያለፉት ጽሕፈታቸው ስላማረ ነው። የአቶ መርዳሳ ጽሕፈት ጠማማ ነበር። የሰው መከራ በእጅ ጽሕፈቱ እንደሚመዘን የትኛው መምህር አስተማረኝ? እናንተስ፣ በየክፍላችሁ ስንት መርዳሳ አስተኝታችኋል? አንገታችሁን አትድፉ፤ ሰኞ ገብታችሁ ፋይሉን ክፈቱ።

ቦንቱ ያለፈው ወር የክሱን ግልባጭ ልትወስድ ወደ ቢሮዬ መጣች። ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ። ሌላ የምናገረው ስላጣሁ፣ «አራተኛው ቁጥር መቼ ይወጣል?» አልኋት።

«አነበቡት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ለምርመራ ነው።»

ትንሽ ሳቀች። ከዚያ፣ «አይወጣም፣ ጋሼ። እጄ እንቢ አለኝ። መስመር ባሰመርሁ ቁጥር ማኅተም የሚያርፍበት ይመስለኛል» አለችና ግልባጩን ይዛ ሄደች።

ማኅተሙ የማን እንደሆነ ሳታውቅ አይደለም። ታውቃለች። «የእርስዎ ነው» ግን አላለችኝም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ ይህች በእጄ ያለችው የመጨረሻዋ ደብዳቤዬ ናት። ዛሬ ጠዋት ወጪ ሆና ተመዝግባለች። ገቢ ቁጥር ፲፩፻፵፯ በእኔ በሰይፈሚካኤል ስሕተት የተመዘገበ እንጂ በማንም ያልቀረበ መሆኑን ታስረዳለች። የአቶ መርዳሳን ሦስት አቤቱታዎች አባሪ አድርጌአለሁ፤ በሩ በገመድ መታሰሩን መጀመሪያ የመሰከሩት እርሳቸው ስለሆኑ፣ የጎደፈ ስም ካለ ያጎደፈው ገመዱ ነው። በገቢ መዝገቤም በቁጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ሠርዤ ፈርሜበታለሁ። የመጀመሪያ ሥርዜ ነው። አያምርም፤ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሶፊ፣ ማኅተሙን ተቀበይኝ። ከመምታትሽ በፊት አንብቢ። ካነበብሽ በኋላ የሚነበበው ከየት ወደ የት እንደሆነ ጠይቂ።

ቦንቱ በግብዣው ዝርዝር ላይ አልነበረችም፤ የጋበዝኋት እኔ ነኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንቺ ልጅ፤ ሥራሽ ጉድለት ሞልቶታል። የገጽ ቁጥር አድርጊበት። የጋሪውን ፈረስ ስትሥዪ አምስት እግር አድርገሽዋል፤ ቆጥሬዋለሁ። ነገር ግን ሦስተኛውን ቁጥር የት ላይ እንዳቆምሽው ታውቂያለሽ? እኒያን ሴትዮ በአንድ እጃቸው ፍራሽ፣ በአንድ እጃቸው የአውቶቡስ በር አስይዘሽ፣ መኪናው እየበረረ «ይቀጥላል» ብለሽ ሄድሽ! ይህ ከተጻፈ ሦስት ወሩ ነው። የሥልሳ ዓመት አንባቢ እንዲህ ይደረጋል?

እንግዲህ ልመርቅና ጥብሱን አሙቁት። የላክሁት ይድረስ፣ የወጣችሁበት መንገድ በሰላም ይመልሳችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ ይጻፉ፣ እናንተም ከእኔ የተሻለ አንብቡ። እውነት በእጃችሁ ገብታ አትሰወር። ጡረታዬን የቁጣ ሳይሆን የንባብ ያድርግልኝ። በዚህ ሸለቆ መንገድ ላይ ማንም ሰው በገመድ በታሰረ በር ተንጠልጥሎ አይቅር።

ቦንቱ ልጄ፣ ወይዘሮ አየለችንም አውርጂልኝ።