እሜቴ ቆይ እና የጀርባው ግድግዳ

የተከበራችሁ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን፣ ሥራችሁን ትታችሁ ከሐዘናችን ልትካፈሉ ስለመጣችሁ ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል። አያታችንን ከመሸኘታችን በፊት እንዴት እንደኖሩ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የጀርባ ግድግዳ ምን ያህል እንደተጨነቁና እንዴት ደስ ብሏቸው እንዳረፉ በጥቂቱ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

አያታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ፤ ለቤቱም የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በርና መስኮት ይሠሩ ስለነበር መስታወት ያልገባላቸው የመስኮት ክፈፎች በግቢው ግድግዳ ተደግፈው ይውሉ ነበር። አያታችንም ገና ድክ ድክ ሲሉ ከክፈፎቹ ኋላ እየቆሙ አንድ ጊዜ ዶሮዎቹን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እናታቸውን ከነስፌት መኪናቸው በክፈፉ ውስጥ እያስገቡ ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። አባታቸው በደንበኞቻቸው ፊት «ይቺ ልጅ ሰማዩንም ክፈፍ ካልሠራሁለት አታየውም» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውናል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው ጎበዝ ተማሪ ቢሆኑም፣ የእናታቸው ዐይን ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅታቸው ቤቱን ለመርዳት ሲሉ አቋርጠው፣ በገበያው መግቢያ በነበረ ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደንበኛውን ሁሉ «ፈገግ በሉ!» እያሉ እሳቸው ግን አንድም ቀን ፈገግ ሲሉ ስለማይታዩ፣ ሰው ስማቸውን «ፈገግ በሉ» ብሎ አውጥቶላቸው ነበር። አያታችን ከእኚህ ሰው ጋር በጨለማው ክፍል፣ በቀይ መብራት ሥር እየሠሩ ፊልም ማጠብን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስሉ በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ እስኪወጣ መታገሥን ተማሩ። ፈገግ በሉ ደጋግመው «ልጄ፣ ፎቶ ማለት ብርሃን ነው፤ ብርሃን ያለበትን ፈልጊ፣ ጥላውን ተይው» ይሏቸው ነበር። አያታችን ይህን ምክር ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀውታል፤ በኋላ እንደምትሰሙት ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ አስከፍቷቸዋል።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚያው ፎቶ ቤት ነው። ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡት ባለቤታቸው ያን ጊዜ ወጣት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ለመንጃ ፈቃድ የሚሆን ፎቶ ሊነሡ መጥተው፣ ፎቶው ታጥቦ በወጣ ቁጥር ዐይናቸው ተጨፍኖ እየተገኘ ደግመው ደጋግመው ተጠሩ። አያታችን «እኚህ ሰውዬ ተኝተው ነው እንዴ የሚነዱት?» ብለው ሳቁ፤ ባለቤታቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ሆን ብዬ ነው የጨፈንኩት» ይላሉ። እውነቱን እግዚአብሔር ያውቃል። በሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ሲጋቡ ፈገግ በሉ አሮጌ ካሜራቸውን ስጦታ ሰጧቸው፤ የዚያን ዕለት ፈገግ ብለው ነበር የሚሉም አሉ።

ከጋብቻቸው በኋላ ባለቤታቸው ረጅም መንገድ በወጡ ቁጥር አያታችን ካሜራውን በጭናቸው ይዘው በጋቢናው ውስጥ አብረው ይጓዙ ጀመር። ከመንገዱ ዳር ቀበሮ ካዩ፣ ደመና ሸለቆው ላይ ተኝቶ ካገኙት ወይም ከዛፎች መካከል የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብቅ ካለ «ቆይ!» ብለው ይጮኻሉ፤ መኪናውም ይቆማል። አቀበት ላይም ቢሆን «ቆይ!» ነው፣ ከኋላ መኪና ቢሰለፍም «ቆይ!» ነው። በዚህ የተነሣ የመንገዱ ሾፌሮች «እሜቴ ቆይ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። ባለቤታቸው ጭነት አዘግይተው ሲደርሱ ነጋዴዎቹ ቢቆጧቸው «እኔ ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ፍሬኑ ያለው እሷ አፍ ውስጥ ነው» እያሉ ይገላገሉ ነበር።

አያታችን አውሬ አሳደው ፎቶ አንሥተው አያውቁም። «እንግዶቹ እኛ ነን፤ የቤቱ ባለቤት ሲፈልግ ይምጣና ሰላም ይበለን» ብለው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጡና እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። አንድ ጊዜ ድኩላ ከነግልገሏ ወደ ውኃ ትወርድ እንደሆነ ሲጠባበቁ፣ ባለቤታቸው ከመኪናው ሥር ተኝተው ያንኮራፉ ጀመር። አያታችን አሁን አውሬውን ሁሉ ሊያባርርብኝ ነው ብለው ሲበሳጩ፣ ድኩላዋ ግን ጆሮዋን አቁማ፣ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት እንስሳ ይሆን የምትል መስላ ወደ መኪናው ቀረበች። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ያ ነው። ባለቤታቸውም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የጠራኋት እኔ ነኝ» ሳይሉ አያልፉም።

ወደ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ሲሄዱም አስቀድመው ጠባቂውን ፈልገው ሰላም ብለውና አስፈቅደው ነበር የሚያነሡት፤ ፎቶ አመጣላችኋለሁ ካሉም ሳያመጡ አይቀሩም። በየመንገዱ ባሉ ብዙ ቤቶች ውስጥ የእናት፣ የአባት ወይም የሞተ ልጅ ብቸኛው ፎቶ እሳቸው ያነሡት ነው። ዛሬ ከሩቅ የመጣችሁትና እኛ የማናውቃችሁ ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደመጣችሁ ነግራችሁናልና እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን ይህን አሁን የቆምንበትን የኮረብታውን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚህ ባለፉ ቁጥር ጠዋት ፀሐይ ደጁን ስታበራው፣ ከበሩ ትይዩ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመው ያነሡታል። ባለቤታቸው «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ያው ደጅ ነው እኮ!» ሲሏቸው፣ «ደጁ ያው ነው፣ ብርሃኑ ግን መቼ ያው ሆኖ ያውቃል?» ብለው ይመልሱላቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በጥላው ዐረፍ ብለው ጫማቸው ውስጥ የገባውን ጠጠር ሲያራግፉ፣ ባለቤታቸው ሥራ ፈትተው ኖሮ ካሜራውን ከአጠገባቸው አንሥተው ቀጭ አደረጉት። አያታችን ፊልሙን አጥበው ሲያዩት ፎቶው ተንጋዷል፣ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ደግሞ የባለቤታቸው አውራ ጣት ጋርዶታል። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያም የተበላሹ ፎቶዎችን ወደሚያኖሩበት የብስኩት ካርቶን ጣሉት። የተበላሸውን ለምን እንደማያቃጥሉት ስንጠይቃቸው «እሱም ቢሆን አንድ ነገር አይቷል፤ ዐይን ያየውን አያቃጥሉም» ይሉን ነበር።

በትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በሥርዓት አሳደጉ። ልጆቹ ከጭነቱ ላይ እየተኙ ተራራና ወንዝ አይተው አደጉ፤ ሴት ልጃቸው ጉማሬን ከፈረስ በፊት እንዳወቀች አሁንም ትናገራለች። በኋላ የባለቤታቸው ወገብ ታሞ መኪናው ሲሸጥ አያታችን እቤት ቢቀመጡም፣ በጓዳው ውስጥ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ላይ ፎቶ ማንጠልጠላቸውን አልተዉም፤ እኛም የልጅ ልጆቻቸው በልጅነታችን በቀበሮና በጥንብ አንሳ ሥር እያጎነበስን አልፈናል።

ካቻምና ክረምቱ ሲከብድ የዚህ ቤተ ክርስቲያን የጀርባ ግድግዳ ከጣሪያው ግማሽ ጋር ፈረሰ። የሕንፃው ኮሚቴም ግድግዳው እንደነበረ መሆን ከቻለ እንዲጠገን፣ ካልተቻለ ግን የቀረው ሁሉ ፈርሶ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት በብሎኬት አዲስ እንዲሠራ ወሰነ። ሽማግሌው ግንበኛ «ድንጋዩ አለ፣ እጄም አለ፤ እንዴት እንደነበረ የሚያሳየኝ ነው ያጣሁት» አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ አንዱ መስኮቱ ሁለት ነበር ሲል፣ ሌላው አራት ነበር ብሎ ሊጣሉ ደረሱ።

አያታችን ያን ጊዜ የልብ ድካም ይዟቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ ግን ተነሥተው ተቀመጡና «የእኔን ፎቶዎች አምጡ!» ብለው ፎቶዎቹን በአልጋው፣ በወንበሩና በወለሉ ላይ ዘረጓቸው። ደጁ አለ፤ ደጁ በጉም አለ፣ ደጁ በጠዋት ፀሐይ አለ፣ ደጁ ከዝናብ በኋላ አለ። ጀርባው ግን የለም። ጀርባው ሁልጊዜ በጥላ ውስጥ ስለነበረ አንድም ቀን ካሜራቸውን ወደ እሱ አዙረው አያውቁም፤ ሌላውም ሰው ቢሆን ፎቶ የሚነሣው በደጁ በኩል ነው። አያታችን እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ አድርገው «ይህን ሁሉ ዘመን ፊቱን ብቻ ነው ለካ ሰላም ስለው የኖርኩት» ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ እምቢ አላቸው፤ ሐኪሙ የሚሰጣቸው መድኃኒት ቢጠቅምም ሐሳባቸው ከኮረብታው ሊወርድ አልቻለም። እኛም በእሳቸውና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ እያሰብን እንፈራ ነበር።

አንድ ቀን ሁላችን በአልጋቸው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ባለቤታቸው በድንገት «አውራ ጣቴ ያለበትስ?» አሉ። አያታችን ተቆጥተው «አሁን ያንተን አውራ ጣት ማን ጠየቀ!» አሉ፤ ወዲያው ግን «ካርቶኑ! ካርቶኑ!» ብለው ጮኹ። የብስኩቱ ካርቶን ከቁም ሣጥኑ ላይ ወረደ። ፎቶው ከሥር ተገኘ። አያታችን በወጣትነታቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያራግፉ፣ ከኋላቸው ግድግዳው ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ተንጋዶ ቆሟል። መስኮቶቹ ሦስት ናቸው፤ የመካከለኛው ከሁለቱ ዝቅ ይላል። ከክዳኑ ሥር ደግሞ የተቀረጹ ድንጋዮች በአንድ መስመር ተሰድረዋል።

ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ለግንበኛው ደረሰ። ግንበኛው እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ ፎቶው መለሱ፤ የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙና ባለቤታቸውን አስጠርተው «አያ ሾፌር፣ ከጣትዎ ሥር ምን ነበረ?» ብለው ጠየቋቸው። ባለቤታቸውም «እኔስ ምን አውቄ፣ እሷን ነው ያየሁት» ብለው መለሱ። ግንበኛውም የማላውቀውን አልቀርጽም ብለው ያን ጥግ ልሙጥ ድንጋይ አድርገው ተዉት።

ሥራው ሲያልቅ ወንድ ልጃቸው በመኪና አመጣቸውና አያታችን ቀጥ ብለው ወደ ጀርባው ሄዱ። በጥላው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያም ካሜራውን ለባለቤታቸው ሰጥተው «እስቲ አንሣኝ፤ ጣትህን ሰብስብ ብቻ» አሏቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ጣት የለበትም፤ ነገር ግን አያታችን ዐይናቸውን ጨፍነው ተገኙ። ባለቤታቸው ሲስቁባቸው «ሆን ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቢጸናባቸውም እንደ ቀድሞው አልተጨነቁም። ያስታመሟቸውን ሐኪሞችና ነርሶች፣ የጠየቃቸውንም ጎረቤት ሁሉ ሲያመሰግኑ ሰንብተው፣ ትናንት ጠዋት ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በቤታቸው ዐረፉ።

አያታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ ታናሽ እኅታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በየመንገዱ «ቆይ!» ሲሉ የሰሟቸውን ብዙ ወዳጆች ትተውልን ሄደዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከካሜራው ኋላ ስለኖሩ የጉዟቸው ዘመን ፎቶ የቀረላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ከአስከሬናቸው አጠገብ የምታዩት እሱ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ጥፋት አይደለም፤ የባለቤታቸው አውራ ጣት ነውና ማንም እንዳይቆርጠው አደራ ብለውናል።

የመቃብር ቦታ በደጁ በኩል፣ በፀሐይ ወገን ተሰጥቷቸው ነበር። እሳቸው ግን «ደጁን አውቀዋለሁ፤ ከጀርባው ጋር ያልተጨዋወትነው ብዙ ነገር አለ» ብለው በዚያ እንዲሆን ተናዝዘዋል። አሁን ይዘናቸው ስንዞር ቀና በሉና ከክዳኑ ሥር ያለውን የላይኛውን ቀኝ ጥግ ተመልከቱ። ቅርጽ የሌለበት፣ ልሙጥ የሆነ ድንጋይ ታያላችሁ። አንድ ባል ሚስቱን ብቻ ሲያይ ጣቱን የረሳበት ቦታ ያ ነው።

ይህን ሕይወት ለሰጠን አምላክ ምስጋና ይሁን። የአያታችንን ነፍስ ብርሃን ከማይጠልቅበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለሁላችን መጽናናትን ይስጠን። አሜን።