ኤሊያስ አልገባም

ወደ ወረዳዬ ወደ ሶፊ ለመመለስ ኤረር በር ላይ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የመሬት መዝገብ ሠራተኞች፣ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ፣ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ አዲሱ ባለሙያ ሶፊ ውስጥ አንድም ባለይዞታ የለም አለ አሉ።»

«በጽሑፍም ሰጥቷል። የሰርቨራችን ፋይል አንድ ነው፤ ውስጡ ግን በየአካባቢው ተከፋፍሏል። በኤስኪውኤል፣ በመረጃ መጠየቂያው ቋንቋ፣ ዝም ብለሽ ከጠየቅሽው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የሚያወጣልሽ።»

«የመጀመሪያው ደግሞ ጀጎል ነው።»

«እሱም ጀጎልን አይቶ ዘጋው። ባለ ዲግሪ እኮ ነው።»

«ለየክፍሉ ኤሊያስ፣ በእንግሊዝኛው ተለዋጭ መጠሪያ ስም ማለት ነው፣ ማውጣት ነበረበታ። በዚያ ስም ሲጠራው ክፍሉ ይከፈትለታል።»

«ነገርኩት እንጂ። ‹ለሶፊ ኤሊያስ ያስፈልጋል› ስለው፣ ‹ኤሊያስ ዛሬ አልገባም› አለኝ።»

«የሶፊ ሰዎችስ?»

«ስማችሁ የለም እየተባሉ ይመለሳሉ።»

ጠዋት እዚያው ቢሮ «ስምህ የለም፤ ኤሊያስ ሲገባ ተመለስ» የተባልኩት እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።