ከብት የረገጠው ዱካ

ወደ አንጋጫ ገበያ በሚሄደው ካሚዮን ላይ፣ ዱካ አይተው ሌባ የሚለዩ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው ወጣት ሙያውን እንዲያስተምሩት ይለምናቸዋል።

«አባባ፣ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«እኔ ከአባቴ ስማር ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ የከብት ዱካ፣ ኋላ የሰው።»

«ያላገኙት ሌባ አለ?»

«አግኝቼ ያልተናገርኩት አለ። አምና ከአንድ ጓሮ፣ ከጉድጓድ ውስጥ ቆጮ ተሰረቀ። ዱካው የሴት ነው። ተረከዙ ጠልቋል፤ ነፍሰ ጡር ናት። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት የለችም።»

«ለጭቃ ሹሙ ምን አሉት?»

«ከብት ረግጦ አጥፍቶታል አልኩት።»

«እውነት ረግጦት ነበር?»

«አዎ፣ ልጄ። እኔው ራሴ ነዳሁበት።»

ልጄን እንዳዘልኩ ግራ እግሬን ቀስ ብዬ ወደ ቀሚሴ ሥር ሰበሰብኩ።