የጥቁሩ መስኮት ባለሙያ

ነይ እስቲ አረፍ በዪ። እሷ ላይ አይደለም፣ ይቺኛዋ ወንበር ላይ፤ ያቺ አንድ እግሯ ላልቷል፣ ባለፈው ሳምንት የላብራቶሪውን ሰውዬ ጥላዋለች። ዛሬ ግን እንዴት ነው እባክሽ ሰው የጠፋው? በሌላ ቀን ይሄኔ ሰልፉ እስከ መርፌ ክፍሉ ይደርሳል። ሁሉም ድኖ ነው? ይዳን፣ እኛም እግራችንን እንዘርጋ። መጋረጃውን ሳብ አድርጊልኝማ፣ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ተባረኪ።

ሥራውስ? ለመድሽው? ጽሕፈት ክፍል ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው። እኛ ካርድ ክፍሎች አቧራ ስንውጥ ነው የምንውለው። አንቺ ገና ሁለት ሳምንትሽ ነው፤ ሰዉን ሁሉ አላወቅሽውም። ቀስ ብለሽ ታውቂዋለሽ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ በጣም ትልልቅ አዋቂዎች አሉ... ስም አልጠራም። ሰው በስሙ ሲመሰገን ያፍራል።

ድምፅሽን ቀንሺ ትያለሽ? ለምን? ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ወንድማችን እንዳይረበሽ? ኧረ እሱ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጓል። ገመዱ የትም አልተሰካም እንጂ። ደግሞስ ስለሱ መች አወራሁ? እኔ የማወራሽ ስለሌላ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ትልቅ ፈተና አለባቸውና ልቤ እሳቸው ጋ ሆኖ ነው።

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አሉልሽ። በዕድሜ የታናሽ ታናሼ ናቸው፣ ግን አንቱ ነው የምላቸው። ዕውቀት አይከበርም እንዴ? ኮምፒውተርሽ ሲያምፅ ትጠሪያቸዋለሽ፣ ይመጣሉ። ታዲያ ዝም ብለው የሚነኩት እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ከዚያ "እስቲ ዞር በሉ" ይላሉ። እኛ ዞር! ሦስት ልጅ የዳርን ሰዎች ፊታችንን ወደ መደርደሪያው አድርገን እንገተራለን፣ ክፍል ውስጥ ሲረብሹ እንደተያዙ ተማሪዎች። ከኋላችን ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር እንሰማለን። ስንዞር ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ተከፍቷል። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ነጫጭ ፊደል ብቻ። ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምታዥበት ቦታ ነው አሉ፤ ትጽፊለታለሽ፣ እሺ ይላል። እንደው እንዴት ነው የሚከፈተው ስንላቸው... "እሱን ለማወቅ አራት ዓመት ተምሬያለሁ" ይሉናል። እኔ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ሰው ለአንድ መስኮት አራት ዓመት ሲለፋ አያሳዝንሽም?

ባለፈው ዓመት እኔ የካርዶቹን ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ከረምኩ። የበሽተኛው ስም፣ የአባቱ ስም፣ ካርዱ ያለበት መደርደሪያ። አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰው፣ በነዚህ በሁለት ጣቶቼ! ማታ ማታ ጣቴን በሞቀ ውሃ እየዘፈዘፍኩ። ስጨርስ ታዲያ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መጥታ ስሙን ስትነግረኝ፣ ጠቅ ጠቅ አደርግና "መደርደሪያ ሰባት፣ ከላይ ሁለተኛው" እል ነበር። ሰው ሳይንገላታ ይሄዳል። ኮርቼ ነበር፤ ምን እደብቅሻለሁ?

አንድ ቀን ስክሪኑ ተዝረክርኮ አየሁትና ላጽዳው አልኩ። ምን እንደሆነች የማላውቃትን አንዲት ትንሽ ጥቁር ምልክት ጎትቼ እዚያው ስክሪኑ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጨመርኳት። ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። በማግስቱ ማተሚያው እምቢ አለ፣ ባለሙያችን ተጠሩ። ዞር በሉ፤ ዞርን። ጠቅታው ግን የለም። ዝም... አሁንም ዝም። አንገቴ ሲደነዝዝ በዓይኔ ጫፍ ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። ማውሱን ይዘው ስክሪኑን ሲያስሱት፣ ላቡ በግንባራቸው ችፍ ብሎ! ለካ የሚፈልጉት ያቺን እኔ የጣልኳትን ምልክት ነው። እሷን ሁለቴ ጠቅ ማድረግ... አራቱ ዓመት እሱ ነበር።

አይ፣ አልሳቅኩም። የሰው ላብ ያስቃል እንዴ? ቅርጫቱን ከፍተው ቢያዩ እዚያው ነበረች፤ ግን እሳቸውን የሚያህል ሰው ቅርጫት ይጎረጉራል? ይልቅ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "ቫይረስ በልቶታል፤ ኮምፒውተሩ መታጠብ አለበት።" ታጠበልሽ፣ ዝርዝሬም አብሮ ሙልጭ አለ! አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ... ሆስፒታሉ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዕልቂት አልታየም። እኔም መደርደሪያዎቹ መሀል ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ ስነግርሽ ይቀለኛል እንጂ ያን ቀን አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ሰውዬው ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ ነገሩን በወረቀት አደረጉት። "ተጠቃሚዋ ዋናውን ፕሮግራም ሆን ብላ በማጥፋቷ።" ሆን ብላ! አየሽ እንዴት ያለ ጽሑፍ እንዳላቸው? አስተዳደሩም ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳገለግል ፋይሌ ውስጥ አንድ ክፉ ወረቀት አልነበረም፤ አሁን አንድ አገኘ። ለቡድን መሪነት ከታጩትም ውስጥ ስሜ ተሰረዘ። ቂም ግን አልያዝኩም። ለምን እይዛለሁ? እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ ሆነዋል። ያቺን ጥቁር ምልክት በፍላሽ ቀድተው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚዞሩት። እ? ወንድማችንም አንገት ላይ ፍላሽ አለ? ውይ፣ እኔ መች አየሁት! ስንቱ ያንጠለጥላል መሰለሽ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጥልፉን በኮምፒውተር እየነደፈች ነው የምትሠራው። ጉዴን ስነግራት በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሁሉ በሳቅ ተፋችው። "ነይ ቁጭ በዪ" አለችኝ። "ኪቦርዱ ላይ ያቺን የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘሽ 'አር'ን ንኪ።" ነካሁ፣ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። "ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለሽ ጻፊና ኢንተር ምቺ።" መታሁ... ጥቁሩ መስኮት! ዞር በዪ ያለኝ የለ፣ እጅጌ የሰበሰበ የለ። ደንግጬ መልሼ ዘጋሁት። "ሌላም አለ" አለችኝ፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ። ቁልፏን ብቻ ተጫኚና ልቀቂ፣ ሦስቱን ፊደል ጻፊ፤ ራሱ ፈልጎ ያመጣልሻል። ፎልደር ከፍተሽ ከላይ አድራሻው ያለበት መስመር ላይ ብትጽፊያቸውም ይከፈታል፤ እንዲያውም እዚያው ፎልደር ላይ ሆኖ ይጠብቅሻል። ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘሽ ኤስኬፕን ብትነኪ ደግሞ እየተሠራ ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ይመጣል፤ እዚያ አዲስ ሥራ አስጀምር ትዪውና አሁንም እነዚያው ሦስት ፊደሎች። ቤቱ ዙሪያውን በር ነው! ባለሙያችን እንግዲህ በዚህ ሁሉ በር መሀል ቆመው ነው ቤቱ ፈርሷል ያሉት። ትሕትና አይደለም ታዲያ ይሄ? ሌላ ሰው ቢሆን ያውቀው ነበር።

ወንድማችንን ምን ነካው፣ ያስለዋል? ውሃ አቀብዪው በእናትሽ። አቧራው ነው፣ አቧራው።

ነገ የሚፈተኑት ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊነት ነው። ካለፉ የኛም ክፍል በሳቸው ሥር ይሆናል። ያቺን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከዚያ በኋላ ከፋይሌ ማን ያነሣታል? ይዣት ጡረታ እወጣለኋ። ፈተናው በተግባር ነው፣ በዚያው በጥቁሩ መስኮት የሚሠራ፤ ፈታኞቹም ከሆስፒታሉ ውጭ የሚመጡ ናቸው። ታዲያ አስተዳደሩ ትናንት ጠራኝና "የሚፈተኑበት አንድ ኮምፒውተር አውሺን" አለኝ። እኔ ምን አለኝ? ያችው የታጠበችው ናት ያለችኝ። ስክሪኗ ላይ አንድም ምልክት የለ፣ እንዴት ያለች ንጹሕ መሰለችሽ! ራሳቸው አይደሉ ያጠቧት? ማውሷ ግን ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም። እኔ መደበቅ አልወድም፣ ለዋናው ፈታኝ በስልክ ነገርኳቸው። "እንዲያውም ይሻላል፤ ባለሙያ የሆነ ሰው በኪቦርድ ብቻ ይሠራዋል" አሉኝ። ፍላሽ ይዞ መግባትም ክልክል ነው አሉ። እኔም "እንዴታ! የኛን ባለሙያ አያውቋቸውም!" አልኳቸው።

ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ታውቂያለሽ። ልብስ ሰፊዋ መንገዶቹን ሁሉ የሰው ልክ በምትመዘግብበት ወረቀት ላይ ጽፋልኛለች። ይኸው፣ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንስጣቸው ይሆን ብዬ ነበር... ግን ለሳቸው ወረቀት መስጠት መዳፈር አይሆንብኝም? ቢጠይቁኝ ሌላ ነገር ነው። "ሆን ብላ ያልኩት ልክ አልነበረም፣ መክፈቻው ጠፍቶኝ ነው" ብለው ለአስተዳደሩ ሁለት መስመር ቢጽፉ፣ እኔ ደግሞ ሻይ አስመጥቼ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መሳቢያው ቁልፍ እንኳ የለውም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ...

አየሽ? ወንድማችን ተነሣ። ወደዚህ ነው መሰለኝ የሚመጣው... ቦታ ልቀቂለት፣ ወንበሯን ሳቢለት... አይ። ጃኬቱን ነው ያነሣው። ወደ በሩ ነው።

ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ! ሳትወጣ አንድ ጊዜ ቁም፣ ለአንድ ሰው ምርቃት ልናደርስ ነው፤ ምርቃት ረግጦ አይወጣም። ጎሽ። አንቺም እጅሽን ዘርጊ፣ አሜን በሉ ሁለታችሁም። እግዚአብሔር እኚህን ሰው ነገ በፈታኞቹ ፊት ቀጥ አድርጎ ያቁምልን። እጃቸው አይንቀጥቀጥ፣ ግንባራቸውን አያልበው። ለሚፈትኗቸውም ሰዎች ሁሉ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ ልክ የእሳቸውን ያህል ዕውቀት ያድልልን።