የሐሊማ ምስክር

ሂርና ላይ ሚኒባሳችን ሲቆም ጫት ልገዛ ወረድኩ። ሐሊማ የምትባለዋ ነጋዴ ከሰጠችኝ እስር ውስጥ ጭራዋ መቆንጠጫ የመሰለ ተባይ ዱብ አለች። ጆሮ ትገባለች ሲሉ ስለሰማሁ ጆሮዬን ይዤ አፈገፈግኩ።

«ወላሂ እሷማ ምስክሬ ናት» አለች ሐሊማ። «ማታ ማታ እየወጣች ቅጠሉን የሚመጥጡትን ትንንሽ ተባዮች ትበላለች። መድኃኒት የተረጨ ጫት ላይ ትኖር ነበር?»

አምኜ ገዛሁ። መኪናው እስኪሞላ ጥላ ፍለጋ ወደ መደቧ ጀርባ ዞር ስል፣ ሐሊማ የአንድ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ገለጥ እያደረገች ምስክሮቿን ትለቅማለች፤ በየእስሩም አንዳንድ ትከታለች።

«ሐሊማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ቀናም አላለች። «ምስክርን ቤቱ ድረስ ሄደው ካልጠሩት መቼ በራሱ ይመጣል?»